ያገለገለ የመስታወት ፋይበር ፊልተር በአሲድ አሟሙቶ መድፋት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የበሬሳ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የውሃ ጥራት ላብ (ላብራቶሪ) ነው የምሠራው። የበሬሳ ወንዝ ውሃና የፋብሪካ ፍሳሽ በመስታወት ፋይበር ፊልተር እናጣራለን፤ ከዚያ ፊልተሩን በ105 ዲግሪ አድርቀን እንመዝናለን። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለው ፊልተር ተጠራቅሞ አንድ የቀለም ባልዲ ሞልቷል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች «የላብ ነገር አናነሳም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እንዳናቃጥለው መስታወት አይነድም። አለቃዬ ደግሞ «አሲድ ውስጥ አሟሟውና በውሃ አቅጥነህ ድፋው» ይላል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ (ኤች ኤፍ) መስታወት እንደሚበላ አንብቤያለሁ። የት ይገኛል? ምን ያህልስ ይበቃኛል? የፍሳሾቹ ፊልተሮች ክሮሚየም ሊኖርባቸው ይችላል። ጥቂቶቹ ደግሞ ክሎሮፊል ስንለካ አሴቶን የነካቸው ናቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦

ወንድሜ፣ ኤች ኤፍ ምን ያደርግልሃል? ኮስቲክ ሶዳ በቂ ነው። ሳሙና ሠሪዎች የሚገዙት እሱ ነው፣ በየገበያው አለ። ወፈር አድርገህ በጥብጠህ ፊልተሩን ጨምርና አፍላው።

የላብ ሰው፦

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ትኩስና ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ መስታወትን ይበላል፣ ክሩ ቀጭን ስለሆነም ይፈጥናል። ግን በምን ልታፈላው ነው? ቢከር ከሆነ ቢከሩም አብሮ ይበላል። የአሉሚኒየም ድስት ከሆነማ ጭራሽ! ሶዳው አሉሚኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ከሥሩ እሳት እየነደደ። እሺ ተሟሟ እንበል። የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ልታለዝበው አሲድ ስትጨምርበት ሲሊካው ተመልሶ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ይረጋብሃል። አንድ ባልዲ ደረቅ ነገር ይዘህ ገብተህ ሁለት ባልዲ ዝቃጭ ይዘህ ትወጣለህ።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር፦

ልጄ፣ ኤች ኤፍ የት ይገኛል የሚለውን ጥያቄ ተወው። መስታወት መብላቱ እውነት ነው፤ በመስታወት ጠርሙስ የማይቀመጠውም ለዚሁ ነው። ቆዳ ላይ ሲፈስ ግን እንደ ሌላው አሲድ ወዲያው አያስጮህም። የቀጠነው ሕመሙ እስኪሰማህ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ካልሲየምህን ያስራል። ልብ ያለ ካልሲየም አይመታም። ጠንካራው መዳፍ የሚያህል ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ሰው ሊገድል ይችላል። ርዳታው ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ፣ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ማሸትና ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ያ ጄል ላባችሁ ውስጥ አለ? ከሌለ ጨዋታው እዚህ ላይ አለቀ።

ሁሉም ተሟልቷል ብንል እንኳ ሂሳቡ አያዋጣም። 47 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ተራ ፊልተር 0.09 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሺህ ፊልተር ቢሆን መቶ ግራም አይሞላም። ያቺን መቶ ግራም ለማሟሟት ግን 40 በመቶ የሆነ ኤች ኤፍ በትንሹ ግማሽ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ሥራ ላይ ሲውል ከዚያም ይበልጣል። ምን ታገኛለህ? ፍሎራይድ የሞላበት መርዛማ አሲድ። ክሮሚየሙስ? የትም አልሄደም። ክሩ ላይ ተጣብቆ የነበረው አሁን ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ መንገድ አገኘ። አቅጥነህ ብትደፋው ከበሬሳ የቀዳኸውን ለበሬሳ ከነወለዱ መለስክ ማለት ነው።

ፊልተርን በኤች ኤፍ የሚያሟሙ ላቦች መኖራቸውን አልክድም። የሚያደርጉት ፊልተሩ የያዘውን ብረት አንድም ሳይቀር አውጥተው ለመለካት ነው። ያ ምርመራ ነው። አለቃህ ሁለቱን ሳያምታታቸው አልቀረም። በአክብሮት ንገረው።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፦

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር። መስታወቱ ራሱ መርዝ አይደለም፤ ዋናው ነገር ፊልተሩ ላይ የቀረው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባልዲውን ለያየው። የወንዝ ውሃ ብቻ ያጣራው ለብቻ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ያጣራው ለብቻ፣ አሴቶን የነካው ለብቻ። አሴቶን ያለበትን ሳይደርቅ አታሽገው፣ ትነቱ ይታመቅና እሳት ይጠራል። ጭስ መሳቢያው ሥር ይድረቅ።

የወንዙ ፊልተር እንዳይበን ውሃ ተረጭቶበት በድርብ ፌስታል ታስሮ እንደ ደረቅ ቆሻሻ መሄድ ይችላል፤ ሰብሳቢዎቹ እንዳይፈሩ ከማዘጋጃ ቤት ጋር በወረቀት ተስማሙ። የፍሳሹ ግን ሲሚንቶ ውስጥ ይታሸግ። የዓለም ጤና ድርጅት ጊዜው ላለፈበት ደረቅ መድኃኒት የሚመክረው ዘዴ አለ። በርሜሉ እስከ ሦስት አራተኛው በቆሻሻው ይሞላል፤ ቀሪው ቦታ ላይ በክብደት 15 እጅ ኖራ፣ 15 እጅ ሲሚንቶና 5 እጅ ውሃ ተቦክቶ ይፈስበታል። ካልፈሰሰላችሁ ውሃ ጨመር ማድረግ ይቻላል። ለእናንተም ይሠራል፣ ግን ፊልተር እንደ ጥጥ ስለሚነፋ ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን እየደረደራችሁ አፍሱበት። በአሲድ የተነከረ ካለ አስቀድሞ ይለዝብ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲሚንቶ ክሮሚየም ሦስት የሚባለውን ዓይነት ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ይበልጥ መርዛማ የሆነውን ክሮሚየም ስድስትን ግን በቀላሉ አይዝም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ።

ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ስለዚህ የታሸገው ባልዲ የት እንደሚያርፍ ብቻችሁን አትወስኑ። ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፣ ግልባጩም እጃችሁ ይቅር።

የእነዋሪው፦

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሚ ላይ ያን የሚያህል ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆሞ እኛ በባልዲ እናቦካለን? ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር የሚበስለው በ1,450 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መስታወቱ እዚያ ቀልጦ ይቀራል።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፦

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ በሌላ አገር አደገኛ ቆሻሻ እቶን ውስጥ ይከታሉ። ግን ፈቃድና ቁጥጥር ይፈልጋል። ለአንድ ባልዲ ማን በር ይከፍትልሃል?

ከጤና ላብ፦

የቤት ፍሳሽም የምታጣሩ ከሆነ ጀርሙን ቀድማችሁ ግደሉት። ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ካላችሁ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ። የግፊት ጌጁ 15 ፒ ኤስ አይ ስላሳየ 121 ዲግሪ ደረሰ ማለት አይደለም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ወደ 19 ያስፈልጋል። ቴርሞሜትሩን እመኑ። በረኪና ከተጠቀማችሁ ደግሞ አሲድ አጠገቡ አይድረስ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የበሬሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን መልስ አትሜ ለአለቃዬ አሳየሁት፤ ዝም አለ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ፊልተሩ ሲነካ ይበናል፣ እጄንም ያሳክከኛል። እንደ አስቤስቶስ ነው እንዴ? ደግሞ አሁን ታኅሣሥ ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሲሚንቶው ይደርቃል?

የላብ ሰው፦

አስቤስቶስ አይደለም። ማሳከኩ ክሩ ቆዳ ስለሚወጋ ነው። ቢሆንም የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ኤጀንሲ በ2002 ቤት ሙቀት እንዳያጣ ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ የሚገባውን የመስታወት ሱፍ ከጥርጣሬ ሲያወጣ፣ ለልዩ ሥራ የሚውሉትን ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር ትቷቸዋል። ስለዚህ ከመንካትህ በፊት ውሃ እርጭበት፣ ጓንት አድርግ፣ ኤን 95 ማስክ ልበስ። የቀዶ ጥገናው ስስ ማስክ ለዚህ አይሆንም። በደረቁ አትጥረገው።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር፦

ውርጩን ልክ ብለሃል። ሳይጠነክር ውሃው ከበረደበት ሲሚንቶው ይፈረፈራል። ቤት ውስጥ አቡካው፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍነህ ጥቂት ቀን እዚያው ተወው። ክዳኑን የምትገጥመው ከጠነከረ በኋላ ነው። በውስጡ ያለውንና የታሸገበትን ቀን ደግሞ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ባልዲው ጎን ላይ ጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል።