የማረጋገጫ ኮድ በቴክስት አልገባ አለኝ

ጥያቄ (ኮድ ጠባቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ሁለት ሲም የሚይዝ አንድሮይድ ነው። ሰው የሚልክልኝ ቴክስት ይገባል፤ ከአፕና ከኢሜይል የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ግን አይመጣም። «እንደገና ላክ» የሚለውን ደጋግሜ ብነካም ያው ነው። አንዳንዴ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሦስት አራት ኮድ ተግተልትሎ ይመጣል። ፎርማት ከማድረጌ በፊት ምን ልይ?

መልስ (ሞባይል ጥገና)
ፎርማቱ ይቆይ። የሰው ቴክስት ከገባ ሲሙ ይሠራል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ እንደሆነ ይዩ። የጉግልን ሜሴጅስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከላይ ያለውን የፕሮፋይል ምስል ነክተው «ስፓም ኤንድ ብሎክድ» የሚለውን ይክፈቱ፤ አፑ እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ያጣራውና እርስዎ ያገዱት መልእክት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኮድ ብዙ ጊዜ የሚላከው ከአጭር ቁጥር ወይም ከድርጅት ስም ስለሆነ ማጣሪያው ከማስታወቂያ ጋር ያምታታዋል። ማስታወቂያ ሰልችቶዎት አንድ አጭር ቁጥር ብሎክ አድርገው ከነበረም ከዚያው ቁጥር የሚመጣው ኮድ አብሮ ይቀራል።

ቀጥሎ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ ገብተው «ኤስኤምኤስ አፕ» በሚለው ላይ የትኛው እንደተመረጠ ይዩ። ትሩኮለር (የደዋይን ስም የሚያሳየው አፕ) ከሆነ መልእክቱን በየክፍሉ ስለሚመድብ ኮዱን እዚያ ውስጥ ይፈልጉ። የስልኩ ሜሞሪ ጢም ብሎ ከሞላም አዲስ ቴክስት አይቀበልም፤ ቪዲዮ አጥፍተው ቦታ ይክፈቱ። አይፎን ላላችሁ፣ ያልታወቁ ላኪዎችን የሚለየው ማጣሪያ በርቶ ከሆነ ኮዱ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

መልስ (ኔትወርክ)
ከላይ የተባለው ይሞከር፤ እኔን ግን የሳበኝ ኮዶቹ ዘግይተው ባንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ማጣሪያ ይህን አያደርግም። ቴክስት በቀጥታ ወደ ስልክ አይመጣም፤ መጀመሪያ ኦፕሬተሩ ጋ ያለው የመልእክት ማእከል ይቀበለዋል። ስልኩ በዚያ ሰዓት ካልተገኘ ማእከሉ ይዞት ይቆይና ስልኩ ኔትወርክ ላይ ሲመለስ ይልከዋል። ባለሁለት ሲም ስልኮች ላይ ይህ የተለመደ ነው፦ በአብዛኞቹ፣ በአንዱ ሲም እያወሩ ሌላው አይገኝም፤ በአንዳንዶቹ ዳታ የበራበት ሲም ሌላውን ያዘገየዋል።

እንዲህ ያድርጉ። ሁለተኛውን ሲም ከሴቲንግ ለጊዜው ያጥፉት። ኤርፕሌን ሞድ አብርተው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁና ያጥፉት፤ ስልኩ እንደ አዲስ ሲመዘገብ ማእከሉ የያዘውን ይለቃል። የቆዩት ኮዶች ገብተው እስኪያበቁ ይጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁ። ደጋግሞ መጠየቅ ነገሩን ያባብሳል፤ አዲስ ኮድ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ይሰረዛል፣ አፑም የመጠበቂያውን ሰዓት እያስረዘመ ይሄዳል።

መልስ (ከዱባይ)
ጥፋቱ ስልኩ ላይ ላይሆንም ይችላል። ቴሌግራም በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ ኮዱን መጀመሪያ የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ «ቴሌግራም» በሚል ስም በሚመጣው ቻት ነው፤ በቴክስት ብትጠብቁት አይመጣም። ቁጥር ስትሞሉ ደግሞ +251 ካላችሁ በኋላ የፊቱን 0 ተዉት፤ በ9 ወይም በ7 የሚጀምሩ 9 አሃዞች ብቻ ናቸው የሚጻፉት። ዋትስአፕ ላይ ቴክስቱ ከቀረ ሰዓቱ ሲያልቅ ኮዱን በስልክ ጥሪ የሚነግር አማራጭ ይወጣል፤ የማይታወቅ ደዋይን የሚዘጋ አፕ ካላችሁ አስቀድማችሁ አጥፉት።

የኢትዮጵያ ሲም ይዘን ውጭ ያለን ሰዎች፦ ዋትስአፕና ቴሌግራም በዋይፋይ ስለሚሠሩ ቁጥሩም የሚሠራ ይመስለናል። ኮዱ እንዲገባ ግን ሲሙ ሮሚንግ ኖሮት ያለንበት አገር ኔትወርክ ላይ መግባት አለበት። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ገና እጃችሁ ላይ ሳለ የኢሜይላችሁንና የአካውንቶቻችሁን ቁጥር ቀይሩ።

ጥያቄ (ኮድ ጠባቂ)
አመሰግናለሁ። ስፓም ውስጥ ምንም የለም። ሁለተኛውን ሲም ሳጠፋው ግን ኮዱ ወዲያው ገባ። ሁለቱም ሲም ያስፈልጉኛል፤ ምን ይሻላል?

መልስ (ኔትወርክ)
ዳታውን ኮድ በሚመጣበት ሲም ላይ ያድርጉት፤ ኮድ እየጠበቁ በሌላኛው አይደውሉ። ኢሜይልዎን ደግሞ ከቴክስት ያላቁት፦ ጉግል ኦተንቲኬተር የሚባለውን አፕ ቢያስገቡ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ ያለ ኔትወርክ ይሰጥዎታል። የስልኩ ሰዓት ግን በራሱ የሚስተካከል ይሁን፤ ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱ ተቀባይነት አያገኝም። ጉግል 10 መጠባበቂያ ኮዶችም ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ8 አሃዝና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። በወረቀት ጽፈው ቤት ያስቀምጡ።

መልስ (ሞባይል ጥገና)
አንድ ነገር ልጨምር። ሲሙ ድንገት «ኖ ሰርቪስ» ካለና ስልኩን አጥፍተው ሲያበሩት ካልተመለሰ፣ ሌላ ሰው በቁጥርዎ ሲም አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል አይዘግዩ። መታወቂያ ይዘው ወደ ኦፕሬተሩ ማእከል ይሂዱ፣ ባንክዎም አካውንቱን ለጊዜው እንዲያግደው ይደውሉ። ኮዱን ንገረኝ የሚል ደዋይ፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ አይንገሩት።