በጠባብ ክፍል ውስጥ የሶልደር ጭስን እንዴት ማስወገድ ይቻላል?

ጥያቄ (ከማራኪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቻርጀር እጠግናለሁ። ክፍሉ በመጋረጃ የተከፈለ ሲሆን ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤቴና የስምንት ወር ልጃችን ይተኛሉ። በበጋ መስኮቱን ከፍቼ ስለምሠራ ብዙም አልተቸገርሁም ነበር፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን በዝናቡና በብርዱ ምክንያት መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል። ሶልደሩ (ዕቃዎቹን የምበይድበት፣ በሙቀት የሚቀልጠው የብረት ሽቦ) ሲቀልጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊቴ ይመጣል፤ ወደ ማታ ላይ ደረቴን ያፍነኛል፣ ያስለኛልም፤ እሁድ ሳርፍ ግን ይሻለኛል። የጨርቅ ጭምብል አደርጋለሁ፣ ትንሽ ማራገቢያም ከጎኔ አድርጌ ጭሱን ከፊቴ እንዲገፋልኝ እሞክራለሁ። ሶልደሩ እርሳስ ያለበት ስለሆነ የምተነፍሰው የእርሳስ ጭስ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ውድ የጭስ ማጣሪያ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም።

መልስ (ከፒያሳ)፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ጭሱ ምንነት ልንገርዎት፤ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ያለው ሶልደር ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ሶልደሩን የሚያቀልጠው የመበየጃ ካውያው ጫፍ 350 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ነው፤ እርሳስ የሚፈላው ግን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በካውያ ሙቀት ወደ አየር የሚወጣው እርሳስ እጅግ ጥቂት ነው። በዓይንዎ የሚያዩት ነጭ ጭስ በሶልደር ሽቦው ሆድ ውስጥ ያለው ፍላክስ፣ ማለትም ብየዳው በደንብ እንዲይዝ ብረቱን የሚያጸዳው ነገር፣ ሲቃጠል የሚወጣ ነው፤ ፍላክሱም አብዛኛውን ጊዜ ከጥድ ሙጫ የሚሠራ ሮዚን ነው። ይህ ማለት ግን ጭሱ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የሮዚን ጭስ በሠራተኞች ላይ አስም እንደሚያመጣ በሚገባ የታወቀ ነው።

ማራገቢያውን በተመለከተ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ጭሱን ከእርስዎ ፊት አንሥቶ በመጋረጃው በላይ ወደ ልጅዎ እየላከው ነው። አየሩን እንዲገፋ ሳይሆን እንዲስብ አድርገው ያዙሩት። ከተበላሸ ኮምፒውተር የሚወጣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና በ12 ቮልት የሚሠራ ማራገቢያ ለዚህ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። ከሚበይዱት ዕቃ ጀርባ፣ ከግማሽ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ያቁሙት፤ ርቀቱን እጥፍ ካደረጉት የመሳብ ኃይሉ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ከጀርባው የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ያያይዙና ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አውጥተው በቦታው ኮምፔንሳቶ በመግጠም ቱቦውን በዚያ ቀዳዳ ወደ ውጭ ያሳልፉት። ማራገቢያው ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ቱቦው አጭር ይሁን፣ ብዙም አይጠማዘዝ፤ የውጭ አፉ ወደ ታች ከዞረ ዝናብ አይገባበትም። በበሩ ሥር አየር የሚገባበት ክፍተት መኖሩንም አይርሱ፤ አየር የማይገባበት ክፍል አየር አያስወጣም።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ጧፍ ለኩሰው እፍ ብለው ያጥፉትና ክሩን የሚበይዱበት ቦታ ላይ ይያዙት። የክሩ ጭስ ታጥፎ ወደ ማራገቢያው ከሄደ ሠርቷል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ገና ይቀርዎታል።

መልስ (ከአዘዞ)፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ በጤና ሙያ ላይ ስላለሁ በሌላው ላይ ላተኩር። በሥራ ቀን የሚብስና በዕረፍት ቀን የሚሻል ሳል በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ሰውነት ለሮዚን አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ በጣም ጥቂት ጭስ እንኳ ሊያስነሣው ይችላል፤ ስለዚህ «እለምደዋለሁ» ብለው አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይህንኑ ከሥራዎ ጋር አያይዘው ይንገሯቸው። የጨርቅ ጭምብሉ ጋዙንም ደቃቁንም ብናኝ አያቆምም።

እርሳሱ በዋናነት የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ሶልደር የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ ሊቆርስበት፣ ልጅም ሊያቅፍበት አይገባም። የስምንት ወር ልጅ ደግሞ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድበት ጊዜ ነው፤ ወለል ላይ የምትወድቀው የሶልደር ፍንጣሪ ከጭሱ ባላነሰ ታሳስበኛለች። ጠረጴዛውንና ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የሥራ ልብስዎንም ከመጋረጃው ወዲህ ያውልቁ። ሥራውን ሌላ ክፍል የሚያደርጉበት መንገድ ቢገኝ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

አስተያየት፦
የማብሰያ ከሰል ፈጭቶ በወንፊት ላይ አድርጎ ማራገቢያው ፊት መግጠም እንደ ማጣሪያ አያገለግልም?

መልስ (ከፒያሳ)፦
አያገለግልም። ለማጣሪያ የሚሆነው ከሰል በልዩ ሙቀት ተዘጋጅቶ እጅግ ብዙ ቀዳዳ የተፈጠረበት ነው፤ የምድጃው ከሰል የሚይዘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብናኙም ሌላ ጣጣ ነው። ውጭ ማስወጣት ከተቻለ ማጣሪያ አያስፈልግም።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማራገቢያውን ከአሮጌ ኮምፒውተር አውጥቼ ዛሬ በጧፍ ሞከርሁት። በአንድ ስንዝር ርቀት ጭሱ ዝም ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ግማሽ ስንዝር ሳስጠጋው ግን እንደ ክር ተስቦ ገባ። መስኮቴ የሚያየው የአከራዬ እናት እንጀራ የሚጋግሩበትን ማዕድ ቤት ስለሆነ ቱቦውን በዚያ አላወጣውም፤ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ለመብሳት ነገ ጠዋት ፈቃድ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው አውጥቻለሁ። ለሐኪምም ሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ።