የዕቅድ ውይይት፦ የኖርፎክ (እንግሊዝ አገር) የጥምቀት መዝገቦች፣ ረቂቅ ሦስት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የልጆቻችን የአባት ዘር ከኖርፎክ ገጠር ነው። የአጥቢያዎቹን የጥምቀት መዝገብ ቅጂ ገዝተን ከ1837 ወደ ኋላ እንገልብጥ። ከዚያ ወዲህ ያለው በመንግሥት የልደት ምዝገባ ይገኛል። አስተያየት እስከ እሁድ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው ለሁሉም አጥቢያ አይበቃም። ከ1813 ወዲህ ያለውን ብቻ እንያዝ። መዝገቡ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የታተመ ቅጽ ነው። የወላጆች ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራ ሁሉ አለበት። ከዚያ በፊት «የጆን ልጅ ሜሪ» ብሎ ያለፈ ቄስ ብዙ ነው።

የሊኗ (ከኖርፎኳ ሊን ከተማ)፦ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠርም ይጻፍ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ታነበዋለች።

የኖሪቹ (ከኖሪች ከተማ)፦ የእንግሊዙ ራሱ መች ጠራና! እስከ 1751 ዓመታቸው የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። መዝገቡ ላይ ፌብሩዋሪ 1720 ያለው ዛሬ ሲቆጠር 1721 ነው።

የሊኗ፦ እኔስ ምን አልኩ? ባለፈው ዝርዝር የባሌ ቅድመ አያቶች ሜይ 1720 ተጋቡ፣ ልጃቸው ፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ ተብሎ ወጣ። ልጁን ዲቃላ አደረጋችሁት! አማቴ አይታዋለች። በእኛ ቢጻፍ ሠርጉ 1712፣ ጥምቀቱ 1713 ይሆን ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ዓምድ ማን ይሞላዋል? መዝገቡ ላይ ያለውን ገልብጠን እንለፍ።

የኖሪቹ፦ 1720/21 ተብሎ ይጻፍ። እዚህ አገር የተለመደው እሱ ነው።

የሊኗ፦ ለእናንተ የተለመደ። መዋጮ ሲሆን ታስታውሱናላችሁ፣ አንድ ዓምድ ስንጠይቅ ከበዳችሁ።

የዲሷ (ከዲስ ከተማ)፦ ስለ መዋጮ ካነሳችሁ እኔም ልናገር። የባለቤቴ ወገን ባፕቲስት ነው። እነሱ ሕፃን አያጠምቁም። እዚህ መዝገብ ውስጥ ልጆቻቸው ከሌሉ የምከፍለው ለማን ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ቀብራቸውን ፈልጊ። ብዙዎቹ የተቀበሩት በአጥቢያው ግቢ ነው።

የዲሷ፦ ጋሼ፣ ረቂቁ ጥምቀት ነው የሚለው!

የሊኗ፦ መጀመሪያ የእኔ ይመለስ። ዓምዱ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጸሐፊ፦ ኧረ ተረጋጉ። የድሮውን የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? እሱ ከሌለ የ1720ን ገጽ ማንም አይፈታውም።

የኖሪቹ፦ ስልክ አያነሳም።

የሊኗ፦ እሺ፣ 1720/21 ይሁን። ግን የድሮው ዝርዝር ታርሞ ለአማቴ ይላክ።

የዲሷ፦ ለምን ልጆቹን ይዘን ኖሪች መዝገብ ቤት አንሄድም? የአያቶቻቸውን ስም በዓይናቸው ይዩት። ለዚህ ከሆነ እኔም እከፍላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ይሻላል። አውቶቡስ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቅ አራት፦ የልጆች ጉዞ ወደ ኖሪች። ግልበጣው ከ1813 እስከ 1837፣ አንድ አጥቢያ ብቻ፣ ገንዘብ ከተረፈ። የዓምዱ ነገር ለጠቅላላ ጉባኤ ይቆይ። ምሳ የሚይዝ ይጻፍ።

የኖሪቹ፦ የትኛው አጥቢያ?

የሊኗ፦ የአማቴን ዝርዝር የሚያርመው ማነው? ስሙን ጻፉልኝ።