ደረት ስሠራ ትከሻዬን ይወጋኛል፤ ሳይብስ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ብረት እንሠራለን፤ ባርቤላችን የውኃ ቧንቧ ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፉ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ አለው። ተንጋልዬ ብረቱን ወደ ደረቴ ሳወርድ የቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል፤ ሳርፍ ደግሞ ይተወኛል። ጓደኞቼ ክብደት እንድቀንስ መክረውኛል። ይህ ብቻ ይበቃል?

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒስት፦
ክብደት መቀነስዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቅዎ ክርንዎ ወዴት እንደሚከፈት ነው። ትከሻ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ በየአቅጣጫው የሚዞር ሲሆን፣ ይህን ነጻነት ያገኘው የክንድ አጥንት ክብ ራስ ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳለ ብርቱካን ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከቦታው እንዳይንሸራተት በዋናነት የሚይዙት 4 ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ክርን ከጎን 90 ዲግሪ ተከፍቶ ብረት ሲወርድ ጫናው በትከሻው ፊትና በእነዚህ ጅማቶች ላይ ይበረታል። ስለዚህ ክርንዎን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ይያዙ፤ የጀርባዎን ጠፍጣፋ አጥንቶችም ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስበው አግዳሚው ላይ ያሳርፉ። ብረትን ከማጅራት ጀርባ አውርዶ መግፋትን ለጊዜው ይተዉት።

መልስ፣ ከአሠልጣኝ፦
በተባለው ላይ የምጨምረው የጣሳዎቹን ጉዳይ ነው። በእጅ የተሞላ ሲሚንቶ እኩል የሚሆነው በዕድል ነው፤ ሁለቱን ጣሳዎች አውልቃችሁ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ብታስቀምጧቸው ልዩነቱን ታዩታላችሁ፤ ልዩነቱንም ሁልጊዜ አንዱ ትከሻ ይሸከመዋል። ሌላው፣ ወጣቶቻችን በመስታወት የሚታየውን ደረት ብቻ ስለሚወዱ ጀርባ ተረስቷል። አንድ ዙር ከገፉ ቢያንስ አንድ ዙር ይሳቡ። ታንኳ የሚቀዝፉ ልጆች «እኛ ስንስብ ነው የምንውለው» ይሉኛል፤ መቅዘፍ ግን ቀላል ጫና ለረጅም ሰዓት የሚደጋገምበት ሥራ በመሆኑ ትከሻን ያደክማል እንጂ የጀርባ ሥራን አይተካም። እንዲያውም በቀዘፉበት ቀን ከባድ ደረት ባይሠሩ እመርጣለሁ። ለማሟሟቂያ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠው ምሰሶ ላይ ይሰሩ፤ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀውና 90 ዲግሪ አጥፈው፣ ጎማውን በዝግታ ወደ ውጭ 15 ጊዜ ይጎትቱ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሞኑን ሌሊት በቀኝ ጎኔ ስተኛም ያመኝ ጀምሯል። ወጌሻ ቢያሸኝ ምን ይላሉ?

መልስ፣ ከፊዚዮቴራፒስት፦
አሁን አይታሹ፤ በተለይ ክንድዎን ማንም እንዳይጎትተው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ጅማቱ መቆጣቱን ወይም መጎዳቱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ መግፋቱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ይመርመሩ። ክንድዎን ወደ ጎን ማንሳት ካቃተዎ ወይም እጅዎ ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሂዱ።