ባለ 11 ገጽ ልቦለድ በ10 ደቂቃ ፊልም፦ ቮይስ ኦቨሩን ምን ላድርገው?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለቤቱ። ከአንድ የቆየ መድበል ያገኘሁትን ባለ 11 ገጽ አጭር ልቦለድ ወደ 10 ደቂቃ ፊልም ልለውጥ ብዬ ስክሪፕቱ 22 ገጽ ወጣብኝ። ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ከቤት የወጣ ልጅ፣ በሰልስቱ ማግስት ማታ የሟቹን ክፍል ያጸዳል። ታሪኩ በሙሉ የልጁ ሐሳብ ነው። ሦስት ፍላሽባክ (ወደ ኋላ የሚመልስ ትዕይንት) እና ከዳር እስከ ዳር ቮይስ ኦቨር (በምስሉ ላይ የሚሰማ የተራኪ ድምፅ) አስገባሁ፤ ሳነበው የሬዲዮ ትረካ ሆነብኝ።

ባለመቀሱ፦ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ 12 ገጽ መቀነስ አለበት። ቮይስ ኦቨሩን አውጪው። ፍላሽባኩም ይቅር፤ ለሱ ብለሽ አባት የሚሆን ተዋናይ ልትፈልጊ ነው። ክፍሉ ውስጥ የአባትየው ዕቃ የለም?

ጀማሪዋ፦ በር ኋላ የተሰቀለ ጋቢ አለ። ደራሲው አንዴ ብቻ ነው የጠቀሱት።

ባለመቀሱ፦ ፊልምሽ እሱ ነው! ልጁ ሁሉንም ሲያነሳ ጋቢውን እያለፈው ይሂድ። መጨረሻ አውርዶ ሲያጥፈው ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያገኛል። ሲፈታው የራሱ የልጅነት ፎቶ።

የድሮ ኤዲተር፦ ፎቶው ይቅርብሽ፣ መቶ ጊዜ አይተነዋል። ቁልፍ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ልጁ የቤቱን ቁልፍ ከጎረቤት ሲለምን አሳዪ፤ ቋጠሮው ውስጥ የሚገኘው ተጣልቶ ሲወጣ ወርውሮት የሄደው የራሱ ቁልፍ ነው። ቃል አያስፈልገውም። ደግሞ የቆርቆሮ ጣራ ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ አትቅረጹ፤ ንግግሩ አይሰማም። የዝናቡን ድምፅ ለብቻ ቀድታችሁ በኤዲቲንግ አስገቡት።

ሕግ አዋቂ፦ ቆይ፣ ፈቃድ አለሽ? ደራሲው በሕይወት አሉ?

ጀማሪዋ፦ በ1979 ነው ያረፉት። ድሮ የታተመ ስለሆነ ነፃ መስሎኝ...

ሕግ አዋቂ፦ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው ካረፉ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ እስከ 2029 መሆኑ ነው። ወራሾቹን ጠይቂ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለፌስቲቫልም ለዩቲዩብም እንደሚሆን ይጻፍበት።

ጀማሪዋ፦ ልጃቸውን በሰው በሰው አገኘኋት። «ስክሪፕቱን ሳላይ አልፈርምም» አለችኝ። አሁን 13 ገጽ ደርሷል። ቁልፉን የጨመርነው እኛ መሆናችንን ልንገራት ወይስ አንብባ ትድረስበት?

የድሮ ኤዲተር፦ ሳታነብ ንገሪያት እንጂ።