የሁለት ካሜራ ፎቶዎችን ወደ አንድ ፎልደር መገልበጥ

ፎቶ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰርግ ላይ እኔና ረዳቴ በየካሜራችን እናነሳለን፤ ካሜራዎቹ ግን ለፎቶዎቹ አንድ ዓይነት ስም ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከ9999 በኋላ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። አንድ ፎልደር ውስጥ ላስገባቸው ስል ኮምፒውተሩ «ይተካ?» ይለኛል። ሙሽራዋ እናቷን ተሰናብታ ስታለቅስ 0412፤ አማቷ እስክስታ ስትወርድ 0412! የትኛዋ ትጥፋ? አንድ በአንድ መሰየም ደግሞ የማይታሰብ ነው።

መላሽ (ሰበታ)፦
እህቴ፣ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የዊንዶውስ መስኮት) «ፎር» (for) የሚለውን የመደጋገሚያ ትእዛዝ «ኮፒ» (copy) ከሚለው የመገልበጫ ትእዛዝ ጋር አጣምሪው። እያንዳንዱን ፋይል እየወሰደ፣ በስሙ ፊት የካሜራውን ፊደል ጨምሮ ወደ አዲሱ ፎልደር ይገለብጣል። ዋናው አይነካም። ትእዛዙን በባች ፋይል (ትእዛዞች ተጽፈው በሚቀመጡበት ፋይል) ከጻፍሽው፣ በ«ፎር» ውስጥ ፋይሉን በሚወክለው ፊደል ፊት ያለው የፐርሰንት ምልክት (%) ድርብ (%%) ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ መላሽ፦
በ«ሬን» (ren፣ የስም መቀየሪያ ትእዛዝ) እዚያው ፎልደር ውስጥ ስም መቀየር ግን ይቅርብሽ። «ፎር» ስሙ የተቀየረውን ፋይል እንደ አዲስ ቆጥሮ ፊደሉን ሊደርብበት ይችላል። ወደ ውጭ ዲስክ ስትገለብጪ ሮቦኮፒ (robocopy፣ ሌላ የዊንዶውስ የመገልበጫ ትእዛዝ) ይሻላል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ደግመሽ ስታዢው የተገለበጠውን ዘልሎ ይቀጥላል። «ሚር» (/MIR) ከሚለው የሮቦኮፒ ምርጫ ግን ተጠንቀቂ፤ ምንጩ ላይ የሌለውን ፋይል ከመድረሻው ላይ ይሰርዛል።

ፎቶ ቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካሜራዎቹን ምልክት «ሀ» እና «ለ» ብለውስ?

መላሽ (ሰበታ)፦
ባች ፋይል ውስጥ የግእዝ ፊደል ሊበላሽ ይችላል። ለጊዜው በላቲን ፊደል ጻፊው።