«ድብልቅ እንጂ ዝርያ አይደለም»፦ የአተር ክርክር

ጋሻ መሬት፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ስለ አዲስ አተር ሲያስረዳ «ገበሬው እጅ ያለው ድብልቅ እንጂ ዝርያ አይደለም» ብሎ አረፈው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ አዲሱ ዝርያ ከገበሬ ማሳ ከተሰበሰበ ዘር ተመርጦ መውጣቱን ነገረን። ድብልቁ ውስጥ ካልነበረ ከየት አመጡት?

ወረንጦ፦ ሰውየው ልክ ነው። ዝርያ ለመባል ከሌላው መለየት፣ ወጥ መሆንና ከዓመት ዓመት አለመለወጥ ያስፈልጋል። የገበሬው ማሳ ላይ ነጭም ወይን ጠጅም አበባ አለ፤ ዓይኑ የጠቆረም ያልጠቆረም ፍሬ አለ። የቱን ይዘህ መግለጫ ትጽፋለህ? አተር ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ማሳው የብዙ ንጹህ መስመሮች ቅልቅል ነው። ከዚያ አንድ ተክል ነጥለህ፣ ፍሬውን ለብቻው በአንድ መስመር ዘርተህ፣ ባዕዱን እየነቀልክ ወጥ መሆኑን ስታረጋግጥ ነው ዝርያ የሚወጣው።

ጋሻ መሬት፦ መልቀም ይባላል እሱ። ሥራ መሆኑን አልካድኩም፤ «አዲስ» የምትለው ቃል ናት ጉሮሮዬ ላይ የቆመችው።

እሸት፦ ደኮኮ የሚባለው አተርስ? የራያ ገበሬ በአንድ እይታ ይለየዋል። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ፍሬው ደቃቅ፣ ዓይኑ ጥቁር፣ ቀድሞም ይደርሳል። ገበያ ላይ ከሌላው አተር በላይ ያወጣል። መለየቱም፣ ወጥነቱም፣ መርጋቱም አለ። ይሄም ድብልቅ ነው?

ወረንጦ፦ ደኮኮ በሳይንሱም «አቢሲኒከም» ተብሎ ለብቻው የተመዘገበ ነው። እኔ ስለ ተራው አተር ነው የማወራው።

እሸት፦ አሃ፣ አሁን ደግሞ «ተራው» መጣ።

አውድማ፦ ስሙን ተዉትና ቁጥሩን እዩት። አዲሱ ዝርያ የሚፈተንበት የሙከራ መደብ 4 መስመር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ በመስመር መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 3.2 ካሬ ነው። እዚያ ላይ 100 ግራም ስህተት በሄክታር ከ3 ኩንታል በላይ ይሆናል። ጥቂት እፍኝ አተር አውድማ ላይ ከፈሰሰ፣ ወይም የዳር መስመሩ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ከደለበ፣ «ብልጫ» ተገኘ ይባላል። ላዩ ላይ ደግሞ ሙከራው አተር ብቻውን የተዘራበት ነው። ብዙ ደገኛ ገበሬ አተሩን ከባቄላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራል፤ አተሩ ባቄላው ላይ ተደግፎ ሳይጋሸብ ያድጋል። ያለ ድጋፍ የተመዘነው ከእነ ድጋፉ ያለውን አሸነፈ ማለት ምን ማለት ነው?

ወረንጦ፦ አንድ መደብ ታይቶ ዝርያ የሚለቀቅ አስመሰልከው። ሙከራው በድግግሞሽ፣ በብዙ ቦታና ከአንድ ዓመት በላይ ይካሄዳል። መጨረሻ ላይ 10 በ10 ሜትር በሆነ መደብ፣ በገበሬ ማሳ ጭምር፣ ከቀድሞ ዝርያና ከአካባቢው ዘር ጎን ተዘርቶ ኮሚቴ ያየዋል።

አውድማ፦ እዚያስ ባቄላ አለ?

ወረንጦ፦ የለም።

አውድማ፦ ጨረስኩ።

ወረንጦ፦ አልጨረስክም። ሁሉም ከማሳ ተለቅሞ የሚመጣ መሰላችሁ። የማዳቀሉን ሥራ እዩት፦ እምቡጡ ሳይፈታ፣ ገና አረንጓዴነቱ ሳይለቅ፣ በወረንጦ ከፍተህ 10ሩንም ወንዴ አውጥተህ ትጥላለህ። አንድ ቀን ከዘገየህ ራሱን አዳቅሎ ጠብቆሃል። ከዚያ አዲስ ከተፈታ አበባ የወንዴውን ዱቄት ትቀባዋለህ። እናቱ ነጭ አበባ፣ አባቱ ወይን ጠጅ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ወይን ጠጅ ማበብ አለበት፤ ነጭ ያበበው አልተዳቀለም፣ ይነቀላል። ሁለተኛው ትውልድ ላይ የወላጆቹ ባሕርይ ሁሉ ይበታተናል። ከዚያ እስከ አምስተኛው ስድስተኛው ድረስ እየመረጡ መሄድ ነው። ይሄም መልቀም ነው?

ጋሻ መሬት፦ ይሄ ማዳቀል ነው፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። የሬዲዮው ግን ይሄ አልነበረም፤ «ከተሰበሰበ ዘር ተመርጦ» ነው ያለው። የሬዲዮውን ጥያቄ በሌላ ዝርያ ላብ አትመልስልኝ።

ባለክክ፦ መግለጫው ላይ የሚሰፍረውስ? የ1000 ፍሬ ክብደት፣ የሚያብብበት ቀን፣ የተክሉ ቁመት። የሚገዛው ሰው የሚጠይቀው ግን ሲከካ ስንቱ ተሰባብሮ ከገለባው ጋር እንደሚሄድ፣ ሽሮው ምን ቀለም እንደሚያወጣ ነው። ሌላው ቀርቶ የሚደርስበት ቀን በየትኛው ከፍታ እንደተቆጠረ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። 2400 ሜትር ላይ የደረሰ አተር 2800 ላይ ገና እሸት ነው።

እሸት፦ የነቀዙስ ነገር? ሰቆጣና እብናት አካባቢ ያለ ሰው «ምርታማ» ስትለው ይስቅብሃል።

ባለክክ፦ ጎተራው ካልጸዳ ምን ዓይነት ዝርያ ይችለዋል?

እሸት፦ ይሄው! የአተር ነቀዝ ጎተራ ውስጥ አይራባም። ማሳ ላይ ለምለሙ እሸት ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሉ በስቶ ይገባል፣ አንዲት ፍሬ ውስጥ አንድ ብቻ ያድጋል። ጎተራ ውስጥ የምታየው ቀዳዳ መውጫው ነው። ደረቅ ፍሬ ላይ እንደገና አይጥልም። ጎተራ ብታጥብ ማሳው ላይ የገባው አይወጣም፤ ከአጨዳ በኋላ ቶሎ ካልታጠነ አልቋል። ከጎተራው ያመለጠውም የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ይጠብቃል።

ባለክክ፦ እሺ ተማርኩ። ሽሮውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጋሻ መሬት፦ እኔም አልተመለሰልኝም። የጄኔቲክ ሀብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ የማኅበረሰብ መብት ይላል። ከተሰበሰበ ዘር የወጣ ዝርያ ከየት ወረዳ እንደመጣ መግለጫው ላይ አንድ መስመር ቢጻፍ ምን ይጎድላል?

ወረንጦ፦ የዘር ባንክ መለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይገኛል።

ጋሻ መሬት፦ ለገበሬው ቁጥር፣ ለምርምር ማዕከሉ ስም?

ወረንጦ፦ ስሙን ያወጣው ያደከመው ነው። ያለ መረጣ ያ ተክል ዛሬም ድብልቅ ውስጥ ነበር።

ጋሻ መሬት፦ ያለ ድብልቁስ?

አውድማ፦ ባቄላውን ረሳችሁት።